የታረቀ ሰው ይፈለጋል

ባለቤቴ ፖሊስ ጣቢያ የሄደው ለሰው ዋስ ሊሆን ነበር። የጎረቤታችን ልጅ ባጃጁ ከአንድ ሚኒባስ ጋር ተነካክቶበት ጣቢያ አስገብተውታል። ባለቤቴ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ከሰማ ጫማውን እንኳ በቅጡ ሳያጠልቅ የሚነሣ ሰው ነው። "መታወቂያዬን ይዤ ደርሼ ልምጣ" ብሎኝ ወጣ። እኔ ከሚሴ ገበያ ዳር ሽርጥና የሴት ልብስ የምሸጥባት ትንሽ ሱቅ አለችኝ፤ ደንበኛ ይዤ ስለነበር ቀና ብዬም አላየሁት። ሲመለስ ግን አየሁት። ፊቱ አመድ መስሏል።

"ዋስ መሆን አትችልም አሉኝ" አለ።

"ለምን?"

"እኔ ራሴ የምፈለግ ሰው ነኝ አሉ።"

ሳቅሁ። ይህ ሰው ከሱቄ ፊት ለፊት ባለው መስጊድ የመጀመሪያው ሰልፍ ላይ የሚቆም፣ ጠፍቶ ቢፈለግ ሽንኩርት ማሳው ውስጥ የሚገኝ ሰው ነው። እሱ ግን አብሮኝ አልሳቀም፤ ልብስ የምከምርበት አግዳሚ ላይ ቁጭ አለና ነገሩን ነገረኝ። ተረኛው ፖሊስ መታወቂያውን ተቀብሎ፣ አንዴ ስሙን አንዴ ፊቱን እያየ ስልክ ደወለ። ከዚያ "የመያዣ ትእዛዝ አለብህ፤ ፍርድ ቤት ተይዞ ይቅረብ ብሎሃል" አለው። የተጻፈው ትእዛዝ እጁ ላይ አልነበረም፤ ባለቤቴንም ያውቀዋል። ስለዚህ በዚያ ሰዓት አላሰረውም። "ሰኞ ጠዋት ራስህ ፍርድ ቤት ቅረብ። ካልቀረብህ እኔው መጥቼ እወስድሃለሁ፤ ያኔ እንዳትቀየመኝ" ብሎ ሸኘው።

ያ ቀን ሐሙስ ነበር። የሚቀጥለው ሐሙስ የትልቋ ልጃችን ኒካ ነው። የሙሽራውን እጅ ጨብጦ "ልጄን ድሬልሃለሁ" የሚለው አባቷ ነው። ወኪል ማድረግም ይቻላል፤ ግን አባቷ እስር ቤት ተቀምጦ በሰው እጅ የተዳረች ልጅ ማለት በኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከባቲ የሚመጡት የወንዱ ዘመዶች አፋቸው እስኪደክም ያወሩታል። ሱቁን በዚያ ጠራራ ፀሐይ ዘጋሁት።

ነገሩ የቆየ ነው። ቦርከና ወንዝ ዳር ሽንኩርት የምንተክልባት ቁራጭ መሬት አለችን። ከጎናችን የሚያርስ ሰው አለ። ከዓመታት በፊት እሱና ባለቤቴ በመስኖ ውሃ ተራ ተጣሉ፤ ሰውየው ራሱን ተፈንክቶ ሐኪም ቤት ገባ፣ ከዚያ ፖሊስ ጋ ሄደ። ባለቤቴ ተጠርቶ፣ በተፈለገ ጊዜ እቀርባለሁ ብሎ ፈርሞ ወጣ። ክሱ ተመሠረተ፤ ቀጠሮም ተሰጠ። ቀጠሮው ሳይደርስ ግን ሽማግሌዎች ገቡበት።

በኛ ዘንድ ሽማግሌ ሲገባ ነገሩ ሌላ ነው። አንድ የተከበሩ ሼህ መሩት፤ ፍየል ታረደ። በደለኛ በዚያ ቦታ አይናገርም፤ አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል፣ የሚናገሩለት ሽማግሌዎቹ ናቸው። ሼሁ ስለ ባለቤቴ ተናገሩ፣ ተለማመኑ። ሰውየውም "አፉ ብያለሁ" አለ። ይቅር ማለቱ ነው። ከዚያ ሁለቱም እጅ ለእጅ ተያይዘው ማሉ፦ ከእንግዲህ ይህን ጠብ ያነሣ፣ በዚህ ነገር የመንግሥት ደጅ የረገጠ፣ ዱዓው ይያዘው። ሁሉም አሚን አለ። ያንን ፍየል የቀቀልኩት እኔ ነኝ። ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ያልሰማሁት አሚን የለም፤ ስለ ጠቡ ግን ማን ምን እንዳደረገ አንድም ቃል አልሰማሁም።

የቀጠሮው ቀን ሲደርስ ባለቤቴ ማለዳ ተነሥቶ ወደ ማሳው ሄደ። ፍርድ ቤት መሄድ ማለት ለሱ ዕርቁን ማፍረስ፣ ዱዓውን በራሱ ላይ መጥራት ነበር። ሰውየውም በበኩሉ እንደዚሁ አስቦ ቀረ። ሁለቱም በቃላቸው በመጽናታቸው ኩራት ተሰማቸው። ፍየላችንን ያልበላው ዳኛ ይህን በምን ይወቅ! ተከሳሹ ፈርሞ ወጥቶ ጠፋ ብሎ፣ ተይዞ ይቅረብ አለ።

ሰውየው ከዕርቁ በኋላ ቤተሰባችን ሆነ። በዒድ አብረን እንበላለን፣ ሲታመም እጠይቀዋለሁ፣ ልጆቼ አጎቴ ይሉታል። አንድ ነገር ብቻ ነበረው። ከሚሴ ሙቀቱ እንዴት እንደሆነ የኖረበት ያውቃል፤ እሱ ግን እኛ ቤት ሲሆን ኮፍያውን አያወልቅም። አንድ ጊዜ ታናሹ ልጄ ከኮፍያው ሥር የወጣውን ጠባሳ አይቶ "ምን ሆነህ ነው?" ቢለው፣ "በሬ ወግቶኝ ነው" አለው። ባለቤቴ ያን ጊዜ ውሃ ልጠጣ ብሎ ወጣ። እኔም ዝም አልኩ። ዕርቅ ነዋ፣ የታረቀ ነገር አይነሣም።

ያን ሐሙስ ማታ ባለቤቴ ያመጣው መላ፣ ባቲ እህቱ ቤት ሄዶ መቀመጥ ነበር።

"ኒካው እስኪያልፍ እዚያ ልሁን" አለኝ።

"የማን ኒካ? የልጅህ አይደለም እንዴ! ልጅህን በስልክ ልትድራት ነው?"

"ታዲያ ሄጄ ልታሰር?"

"እኔ እንጃ። የሚያውቅ ሰው እንጠይቅ።"

ሥራ ከመፍታቴ በላይ ያበሳጨኝ አኳኋኑ ነበር። መሬት መሬት እያየ፣ እንደ ጥፋተኛ ልጅ ጣቶቹን ያፍተለትላል። አልታረቅህም እንዴ፣ ምን ያስደነብርሃል፣ ብዬ ጮህኩበት።

ፍርድ ቤቱ ግቢ ውስጥ ለአቅመ ደካሞች ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጥበት ክፍል እንዳለ አንዲት ደንበኛዬ ነገረችኝ። ዓርብ ጠዋት ለብቻዬ ሄድኩ፤ እሱን እዚያ ግቢ ማስገባት ፈራሁ። ጠበቃዋ ወጣት ናት፤ ሻሿን ወደ ኋላ አስራ፣ በአንድ እጇ በወረቀት እያራገበች በሌላው ትጽፋለች። "አካም ቡልተን፣ እንዴት አደሩ፣ እናቴ፣ ይቀመጡ" አለችኝ። እናቴ መባሉ ደስ አላለኝም፤ ቢሆንም ተቀመጥኩ።

ሁሉንም ነገርኳት።

"ቀጠሮውን ያውቅ ነበር?"

"እንዴታ።"

"ታዲያ ለምን ቀረ?"

"ታርቆ ነዋ!"

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ልትስቅ ስትል አፏን በእጇ ሸፈነችው። "አባቴም ቢሆን ይሄንኑ ነበር የሚያደርገው" አለች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ አንድ አንዱን አስረዳችኝ። አንደኛ፣ እንዳይሸሽ። በራሱ እግር የሚቀርብና ተይዞ የሚቀርብ ሰው በዳኛ ዓይን አንድ አይደሉም። የመያዣው ትእዛዝ ቅጣት አይደለም፤ ተከሳሹን ለማምጣት ነው። ከመጣና የቀረበትን ምክንያት ካስረዳ ሊነሣለት ይችላል፤ ማመልከቻውን እሷ ትጽፍለታለች፣ አብራውም ትቆማለች። ግን ትእዛዙ ሲነሣ ዋናው ክስ አለ። ጉዳቱ ቀላል የሚባል በመሆኑ፣ የተጎዳው ሰው ራሱ ቀርቦ ታርቄያለሁ፣ አቤቱታዬን አንሥቻለሁ ካለ መዝገቡ ሊዘጋ ይችላል።

"እሱ ካልመጣስ?"

"ዳኛው፣ ይህ ሰው አንዴ ቀርቷል፣ ዛሬ ብለቀው ነገም ይቀራል ሊል ይችላል። እስከሚቀጥለው ቀጠሮ በማረፊያ ቤት ይቆይ ካለ፣ ሐሙስን አልፎ ይሄዳል። አይደረግም ብዬ ልዋሽዎት አልችልም።"

"እሱማ ቀላል ነው" አልኳት። "ወንድማችን ነው።"

ልነሣ ስል አንድ ነገር ጠየቀችኝ። "ለመሆኑ የተጣሉ ቀን ምን ነበር የሆነው? እንዴት ነው የመታው?"

ከዚህ ሰው ጋር ስንት ዓመት አንድ ትሪ ላይ በልተናል፤ ባሌ ምን እንዳደረገው ግን አላውቅም። "በውሃ ተራ ነው" አልኳት። እሷም ይህችኑ ጻፈች።

እሑድ ወደ ሰንበቴ ከተማ ወረድን። የከብት ገበያ ቀን ስለሆነ ሰውየው እንደማይጠፋ እናውቃለን። ሚኒባሱ ውስጥ ባለቤቴ ከጎኔ ተቀምጦ መስኮቱን ሲያይ፣ እኔ የጠበቃዋ ጥያቄ ከጆሮዬ አልወጣ አለኝ። ዕርቅ መልካም ነገር ነው፤ ያን ቀን ያ ፍየል ባይታረድ ኖሮ ደም ሊፈስ ይችል ነበር። ነገር ግን በላዩ ተከድኖ የኖረውን ነገር ማናችንም ገልጠን አላየነውም። ውስጡ ምን ዓይነት ነገር እንዳለ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ እነሱም እንዳይናገሩ ምለዋል።

ከአፋር የመጡት ግመሎች ካሉበት ወዲህ፣ ፍየሎቹን ይዞ ቆሞ አገኘነው። ኮፍያው እንደ ወትሮው እስከ ቅንድቡ ወርዷል። ሰላምታችን ረዘመ፤ ልጆቹን፣ ከብቶቹን፣ ማሳውን ሁሉ ጠየቅን። ከዚያ ባለቤቴ ነገረው። ሰውየው ሲሰማ ቆየና ራሱን ነቀነቀ።

"አልችልም፣ ኦቦሌሳ ኮ፣ ወንድሜ። ምያለሁ።"

"ልትከሰው አይደለም እኮ የምትሄድ!" አልኩ እኔ ጣልቃ ገብቼ። "ታርቀናል ብቻ ነው የምትል!"

"የመንግሥት ደጅ አልረግጥም ብያለሁ፣ እቴ። በዱዓ የታሰረ ነው።"

"ልጄ ሐሙስ ትዳራለች! አባቷን ከእስር ቤት ላምጣላት?" ድምፄ ከፍ ብሎ የፍየል ነጋዴው ሁሉ ዞረ።

ሰውየው አልተቆጣም። "እቴ፣ ክፋት አስቤ እንዳይመስልሽ። ወላሂ ለሱ ብታሰር አይከፋኝም። ግን ዱዓው ልጆቼ ላይ ቢወርድስ?" አለኝ። ዓይኑን ሳየው የምር ፈርቷል። ቁጣዬ በረደ፤ ፍርሃቱ እኔም ላይ ተጋባ። ያንን ዱዓ አሚን ያልኩት እኔም ነኛ።

ሼሁ የሚኖሩት ከገበያው ጀርባ፣ መስጊዱ አጠገብ ነው። አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ሰውን በድምፁ ነው የሚለዩት። ሦስታችንም ፊታቸው ተቀመጥን። ባለቤቴ ሲነግራቸው መስበሓቸውን እየቆጠሩ ሰሙ፤ ሲጨርስ ቆጠራውን አቆሙ።

"ሱብሃነላህ" አሉ። "ስናስታርቃችሁ፣ ፍርድ ቤቱንስ ማን ይንገረው ያለ ሰው ከመሃላችን አልነበረም። ጥፋቱ የእኛም ነው።"

"አሁንስ ምን ይበጃል፣ ሼህ?" አልኳቸው።

ወደ ሰውየው ዞሩ። "ለክስ አትሂድ ነው ያልኩህ። ለነጋ፣ ለሰላም አትሂድ አልኩህ?"

"አላሉኝም።"

"እንግዲያው ሂድ። ሰላሙን ተናገር። ጠቡን ግን አታንሣው።"

እጃችንን ዘርግተን ዱዓ አደረጉልን። ከውጭ የፍየሉ ጩኸት አሚናችንን ዋጠው። ስንወጣ ሰውየው ቀለል ብሎት ነበር፤ ባለቤቴ ግን እንዳቀረቀረ ነው። ድካም መሰለኝ።

ሰኞ ጠዋት ጠበቃዋ በር ላይ ጠበቀችን። ችሎቱ በኦሮምኛ ነው፤ እኔ ኦሮምኛ የለመድኩት እዚህ ካገባሁ ወዲህ ቢሆንም ገበያ ያስተማረኝ ይበቃኛል። የባለቤቴ ስም ሲጠራ ተነሥቶ ቆመ። ጠበቃዋ በራሱ ፈቃድ መቅረቡን፣ የቀረው ፍርድ ቤቱን ንቆ ሳይሆን በሽማግሌ ታርቆ ነገሩ ያለቀ ስለመሰለው መሆኑን ተናገረች። ዓቃቤ ሕጉ የተጎዳው ሰው እውነት ታርቄያለሁ ካለ አልቃወምም አለ። ዳኛው፣ መነጽር ያደረጉ ጎልማሳ፣ ሰውየውን አስጠሩት።

"ከዚህ ሰው ጋር ታርቃችኋል?"

"ታርቀናል። ወንድሜ ነው።"

ልቤ አረፈ። አለቀ ብዬ ሻሼን ማስተካከል ጀመርኩ። ዳኛው ግን መዝገቡን ገለጥ አደረጉና "ለመሆኑ ምን አድርጎህ ነበር?" አሉት።

ሰውየው ባለቤቴን አየው፤ ከዚያ ጣሪያውን አየ። ሼሁ ጠቡን አታንሣው ብለውታል።

"በሬ ነው የወጋኝ" አለ።

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። "የሐኪም ማስረጃው በዱላ ነው የሚለው። ለፖሊስ የሰጠኸውም ቃል እንደዚያ ነው። ሰውዬ፣ አስፈራርቶህ ነው?" ብለው ባለቤቴን ሲያዩት፣ አስተያየታቸው ቅድም እንደነበረው አልነበረም። በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ወደ ውስጥ አንድ ርምጃ ገባ። ጠበቃዋ "ክቡር ፍርድ ቤት" ብላ ብድግ አለች። እኔ የታየኝ የልጄ ፊት ነው። አለቀልን አልኩ።

"ኤዬ፣ አኑማቱ ሩኩቴ።"

ባለቤቴ ነበር። አዎ፣ እኔው ነኝ የመታሁት፣ ነው ያለው። ማንም አልፈቀደለትም፤ ማንም ግን አላስቆመውም። ተራው የሱ ነበር፣ የእኔ አልነበረም፣ አለ። ሽንኩርቴ ደርቆብኝ ተራውን ልቀማው ፈለግሁ። ጎንበስ ብሎ ቦዩን ሲከፍት ከኋላው መጥቼ በዱላ መታሁት። አላየኝም ነበር። ወድቆ ደሙ ውሃው ውስጥ ሲገባ ደንግጬ ሮጥኩ፤ ያነሣውም ሌላ ሰው ነው።

እውነቱን ልናገርና፣ በዚያች ሰዓት ባሌን ጠላሁት። ተራው የኛ ነው፣ ሰውየው ነው የቀደመን፣ እያልኩ ነው የኖርኩት። ተያይዘው የተማቱ ነበር የሚመስለኝ። ጎንበስ ያለን ሰው ከኋላ! አብሬው ያረጀሁትን ሰው ጀርባ እያየሁ፣ ይህ ማን ነው አልኩ። ከጥላቻዬ ጋር ደግሞ ሌላ ነገር መጣብኝ፤ ያንን ቃል በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ መታሰሩ ሲያንዣብብበት ማውጣቱ አሳዘነኝም አኮራኝም። ሁለቱ ስሜቶች እስካሁን አልተላቀቁልኝም።

ዳኛው ወደ ሰውየው ዞሩ። "እውነት ነው?"

የሰውየው እጅ ሳያስበው ወደ ኮፍያው ሄደ። "እውነት ነው" አለ። ከዚያም፣ "ያኔም አፉ ብየዋለሁ፣ ዛሬም ብየዋለሁ። አቤቱታዬን አንሥቻለሁ።"

ዳኛው ከዓቃቤ ሕጉ ጋር ተነጋገሩ፣ ጻፉ፣ አነበቡ። የመያዣው ትእዛዝ ተነሥቷል፤ መዝገቡም ተዘግቷል። ከዚያ ለሁላችንም፣ ሽማግሌ ሲያስታርቃችሁ ያው ሽማግሌ ወይም እናንተ መጥታችሁ ንገሩን፣ እኛ የዕርቅ ጠላት አይደለንም አሉ። ጠበቃዋን ለማመስገን ቃል አጠረኝ፤ እጇን ይዤ ሐሙስ እንድትመጣ አስማልኳት።

ውጭ፣ ከግቢው ዛፍ ሥር፣ ሁለቱ ተፋጥጠው ቆሙ። እኔ ራቅ አልኩ፤ ጆሮዬን ግን አላራቅሁም።

"ሼሁ ሲናገሩልህ ሰምቼ ነበር" አለው ሰውየው። "አንተን የሰማሁህ ግን ዛሬ ነው።"

ባለቤቴ ባጃጅ ጠርቶ አሳፈረው።

እኔ ሁለት ቀን አላናገርኩትም። የሠርግ ቤት ስለሆነ ማንም አላወቀብኝም፤ ሁሉም ሥራ የበዛባት ነው የመሰላቸው። እሱም ይቅር በይኝ አላለኝም፤ የመታው እኔን አይደለማ። ረቡዕ ማታ ግን ሩዝ ስለቅም መጥቶ ከጎኔ ተቀመጠና አብሮኝ ይለቅም ጀመር። "ለአንቺም መንገር ነበረብኝ" አለኝ። "ነበረብህ" አልኩት። ሩዙን ለቅመን ጨረስን።

ሐሙስ ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ ኒካው ታሰረ። ባለቤቴ የሙሽራውን እጅ ጨብጦ ቃሉን ሲናገር ድምፁ አንድ ጊዜ ተቆረጠ፤ ጨረሰው ግን። ከመጋረጃው ወዲህ እልል አልን።

ምሳው ዳሱ ውስጥ ቀረበ። ሙቀቱ ለጉድ ነበር። ሰውየው ከባቲ ከመጡት የሙሽራው አጎቶች ጋር አንድ ትሪ ላይ ተቀምጧል። ባለቤቴ እንግዶቹን የሚያስታጥብበትን ማንቆርቆሪያ ይዞ በየሰልፉ ይዞራል። እኔ ከዳሱ በር ላይ ሆኜ ሥጋ እየተቀበልኩ ነበር። ሰውየው ኮፍያውን አወለቀና ላቡን ጠረገበት፤ ከዚያ መልሶ አላደረገውም። ያ ጠባሳ ከአናቱ ኋላ ተነሥቶ እስከ ግንባሩ ድረስ ሲሄድ ለመጀመሪያ ጊዜ በሙሉ አየሁት። እንዲህ ይረዝማል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ከአጎቶቹ አንዱ፣ ጨዋታ ወዳድ ሽማግሌ፣ "አንተ ወንድሜ፣ ይህ ደግሞ ምን አግኝቶህ ነው?" አለው።

"በሬ ነው" አለ ሰውየው፤ እንደ ልማዱ።

ባለቤቴ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘ አጠገባቸው ቆሟል። አማቾቹ ናቸው፤ ቀኑም የልጁ ቀን ነው። ዝም ቢል ማንም አይጠይቀውም ነበር።

"በሬው እኔ ነኝ" አለ።

ሽማግሌው ቀልድ መስሎት ከት ብሎ ሳቀ። ከዚያ የሁለቱን ፊት ሲያይ ሳቁ በመሃል ተቋረጠ። በትሪው ዙሪያ የተዘረጋው እጅ ሁሉ ባለበት ቆመ። እኔም ሥጋውን እንደያዝኩ ቀረሁ።

ሰውየው ባለቤቴን ቀና ብሎ አየው። ፈገግ አለ፤ እጆቹን ወደ ማንቆርቆሪያው ዘረጋ።

"በል እንግዲህ፣ በሬው፣ አስታጥበኝ" አለው።

ባለቤቴ ጎንበስ ብሎ አስታጠበው። ኮፍያው የዐስር ሶላት ሰዓት እስኪደርስ ድረስ ሰውየው ጉልበት ላይ ነበር።